ጥያቄና መልስ፦ ትንሹ የቱዩብ አምፕ የትኛውን ስፒከር ይችላል?

ዝቅተኛ ዋት ያላቸውን የቱዩብ አምፕሊፋየሮች (በትራንዚስተር ፋንታ አየር አልባ የመስታወት ቱቦ ያላቸውን) ከስፒከር ጋር ስለማጣመር የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርገን መልሰናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋህደናቸዋል።

ጥያቄ፦ በ300ቢ ቱዩብ የሚሠራ ባለ 8 ዋት አምፕ ገዝቻለሁ። ስፒከሮቼ ወለል ላይ የሚቆሙ ናቸው፤ ማኑዋላቸው 87 ዲሲቤል፣ 8 ኦም ይላል። የምቀመጠው ሦስት ሜትር ርቄ ነው። አንድ ድምፃዊ በጊታር ሲዘፍን እጅግ ደስ ይላል፤ ኦርኬስትራ ሲመጣ ግን ድምፁ ይደፈናል። ቱዩቦቹ አልቀው ይሆን?

መልስ፦ ቱዩብ ለመቀየር አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 87 ዲሲቤል ማለት ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጡት በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያወጣው የድምፅ ልክ ነው፤ ሴንሲቲቪቲ የሚባለውም ይኸው ነው። ዋቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጨመረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ 2 ዋት 90፣ 4 ዋት 93፣ 8 ዋት 96 ዲሲቤል ይሰጣል። ሁለት ስፒከሮች ስለሆኑ 3 ይጨምሩና 99 ይበሉ። ከ1 ሜትር ወደ 3 ሜትር ሲርቁ ሜዳ ላይ ቢሆን 9.5 ዲሲቤል ይጠፋ ነበር። ክፍል ውስጥ ግድግዳው የተወሰነውን ስለሚመልሰው ከ5 እስከ 6 ይቀንሱ። የቀረዎት 93 ወይም 94 ነው፤ ያውም ጣሪያው።

ብዙ ያልተጨመቀ የኦርኬስትራ ቅጂ ላይ ደግሞ ከፍተኛው ጫፍ ከአማካዩ በ15 ዲሲቤል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበልጣል። አማካዩን ከ78 ዲሲቤል አካባቢ ባሳለፉት ቁጥር ጫፉ አምፑ ከሚችለው በላይ ይሆናል ማለት ነው። ያለ ፊድባክ (መውጫውን ከመግቢያው ጋር አወዳድሮ ስህተት የሚያርም ዑደት) የሚሠራ ሲንግል ኤንድድ ትራዮድ፣ ማለትም እንደ እርስዎ 300ቢ ሙሉውን ሞገድ በአንድ በኩል የሚያወጣ ቱዩብ፣ እንደ ትራንዚስተር በአንዴ አይሰነጠቅም፤ ቀስ በቀስ ይጨመቃል። እርስዎ "ይደፈናል" ያሉት ያንን ነው፤ ጆሮዎ አልተሳሳተም።

መፍትሔው ከአምፑ ይልቅ ስፒከሩ ላይ ነው። 94 ዲሲቤል የሆነ ስፒከር ሲያገኙ የ7 ዲሲቤሉ ልዩነት አምስት እጥፍ ዋት ያወጣል፤ አሁን ባለው ስፒከር ላይ ባለ 40 ዋት አምፕ እንደ ማሰር ነው። እስከዚያው ወንበርዎን ወደ 2 ሜትር ያስጠጉ። ያለ ወጪ ከ2 ዲሲቤል ያላነሰ ያገኛሉ።

አንድ ወጥመድ እንጠቁምዎ። ብዙ አምራቾች ሴንሲቲቪቲን የሚለኩት በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ነው። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ላይ ልክ 1 ዋት ነው፤ በ4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ይሆናል። ስለዚህ "4 ኦም፣ 91 ዲሲቤል በ2.83 ቮልት" የተባለ ስፒከር እውነተኛ ልኩ 88 ነው። ለትልቅ ትራንዚስተር አምፕ ልዩነቱ ትርጉም የለውም፤ ለ8 ዋት ግን ግማሹ ኃይል ነው።

ጥያቄ፦ አሁን የምጠቀመው ባለ 60 ዋት የትራንዚስተር አምፕ ነው። ቮልዩሙ ከሩብ አልፎ አያውቅም። 15 ዋት ይበቃኛል ማለት ነው?

መልስ፦ የቮልዩም ቁልፉ ስለ ዋት ምንም አይነግርዎትም። ምንጩ ጠንካራ ሲግናል ከሰጠ አምፑ ቁልፉ ሩብ ላይ እያለም ሙሉ ኃይሉን ሊያወጣ ይችላል። መለካት ግን ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው መልቲሜትርና የ120 ኸርዝ የሳይን ድምፅ የያዘ ፋይል ብቻ ነው። ፋይሉ ከዲጂታል ጣሪያው በ12 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ የተቀዳ ይሁን።

ከሚያዳምጡት ሁሉ ኃይለኛውን ሙዚቃ ይክፈቱና ከዚህ በላይ አልፈልግም የሚሉበት ድረስ ቮልዩሙን ያውጡ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን አይንኩት። አምፑን አጥፍተው የስፒከሮቹን ሽቦ ይንቀሉ፤ ይህን የሚያደርጉት በትራንዚስተር አምፕ ብቻ ነው፣ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። መልሰው ያብሩና የ120 ኸርዙን ፋይል ያጫውቱ። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው በአንዱ ቻናል ቀይና ጥቁር መውጫ መካከል ይለኩ። ያነበቡትን በ4 ያባዙ፤ 12 ዲሲቤል አራት እጥፍ ቮልት ነውና። 1.5 ቮልት ቢያነቡ የሙዚቃው ጫፍ 6 ቮልት ይደርሳል ማለት ነው። 6 በ6 ተባዝቶ ለ8 ኦም ሲካፈል 4.5 ዋት ይሆናል።

ብዙ ሰው ውጤቱን አይቶ ይገረማል። ከ2 ቮልት በታች ካነበቡ 15 ቀርቶ 8 ዋትም ይበቃዎታል። 3 ቮልት ካነበቡ ግን ጫፉ 12 ቮልት፣ ማለትም 18 ዋት ነው፤ የሚገባዎት በኢኤል34 ወይም ጠንከር ባለ ቱዩብ የተሠራ ፑሽፑል (ቱዩቦቹ ጥንድ ሆነው እየተቀባበሉ የሚሠሩበት አምፕ) ነው፤ 300ቢን ይርሱት።

ጥያቄ፦ ስፒከሮቼ 93 ዲሲቤል ስለሆኑ የዋት ችግር የለብኝም። ሆኖም የትራንዚስተሩን አምፕ አውጥቼ ያለ ፊድባክ የሚሠራ የ300ቢ አምፕ ሳስገባ ቤዙ አበጠ፤ የድምፃውያኑም ድምፅ ወደ ኋላ የሸሸ መሰለኝ። አምፑ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ስለ ዋት ብቻ የሚጠይቁ አንባቢዎች ሁሉ ቢያነቡት የምንመኘው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከሴንሲቲቪቲ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ የሚወስነው የስፒከሩ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም በየፍሪኩዌንሲው የሚያሳየው የኦም መከላከያ ነውና።

300ቢ ቱዩብ ራሱ ወደ 700 ኦም የውስጥ መከላከያ አለው። የመውጫ ትራንስፎርመሩ 3000 ኦምን ወደ 8 የሚያወርድ ከሆነ ያንን 700 ለ375 ያካፍለዋል፤ 1.9 ኦም ገደማ ይሆናል። የጥቅሎቹ ሽቦ መከላከያ ሲታከልበት 2.4 አካባቢ ይደርሳል። ጥሩ የትራንዚስተር አምፕ ላይ ይህ ቁጥር ከ0.1 በታች ነው። አሁን ስፒከሩን እንየው። "8 ኦም" የተጻፈበት ስፒከር በየፍሪኩዌንሲው 8 ኦም አይደለም። በቤዙ ሬዞናንስ ላይ፣ ማለትም ዉፈሩ (ቤዝ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) በራሱ በሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ፣ ወደ 25 ይወጣል፣ በ200 ኸርዝ አካባቢ 3.2 ሊደርስ ይችላል፣ ክሮስኦቨሩ (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያከፋፍለው ዑደት) በሚለይበት ፍሪኩዌንሲ አጠገብ ደግሞ እንደገና ጉብ ይላል። አምፑና ስፒከሩ ቮልቱን እንደ መከላከያቸው መጠን ይካፈሉታል። 25 ኦም ላይ ለአምፑ የሚቀረው 0.8 ዲሲቤል ብቻ ሲሆን 3.2 ኦም ላይ ግን 4.9 ዲሲቤል ነው። ልዩነቱ 4 ዲሲቤል ሆነ። ስፒከርዎ ላይ ሳይፈልጉ ኢኳላይዘር ተገጠመ ማለት ነው፤ ቤዙን የሚያነሳ፣ የወንድ ድምፅ መሠረት ያለበትን ቦታ የሚጫን።

ይህም ብቻ አይደለም። ዉፈሩ ከሬዞናንሱ በኋላ ቶሎ እንዲቆም የሚይዘው ብሬክ በአምፑ በኩል ስለሚያልፍ፣ አምፑ መከላከያ ሲኖረው ብሬኩ ይላላል። ዉፈሩ 6 ኦም የጥቅል መከላከያ ካለውና አምፑ 2.4 ከጨመረበት፣ ኪውኢኤስ የሚባለው፣ የብሬኩን መላላት የሚገልጸው ቁጥር በ1.4 ይባዛል። 0.35 የነበረው 0.49 ይሆናል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን የተሰላው ለመጀመሪያው ቁጥር ስለሆነ በሁለተኛው ያብጣል።

የአምፕዎን ትክክለኛ ቁጥር ለማወቅ ሁለት ባለ 8 ኦም፣ ባለ 10 ዋት ሬዚስተሮች ይግዙ። አንዱን ብቻ 8 ኦም መውጫ ላይ አስረው የ100 ኸርዝ ሳይን ያስገቡና ቮልዩሙን ልክ 1 ቮልት እስኪያነቡ ያውጡ። አምፑን አጥፍተው፣ ቮልዩሙን ሳይነኩ፣ ሁለቱን ሬዚስተሮች በተከታታይ ያስሩና 16 ኦም ያድርጓቸው። መልሰው አብርተው ይለኩ። 1.13 ቮልት ካነበቡ፣ 0.13ን በ16 ያባዙና ከ2 ላይ 1.13 ሲቀነስ ለሚቀረው 0.87 ያካፍሉ፤ 2.4 ኦም ይመጣል።

ከዚያ ከርካሹ መፍትሔ ይጀምሩ። ስፒከሩን ከ8 ኦሙ መውጫ ነቅለው ወደ 4 ኦሙ ያዛውሩት። የአምፑ የመውጫ መከላከያ በግማሽ ይወርዳል፤ ያ 4 ዲሲቤል ወደ 2.4 ይጠብባል። ቱዩቡም 3000 ሳይሆን 6000 ኦም ስለሚያይ መዛባቱ ይቀንሳል። ዋጋው ኃይል ነው፤ 8 ዋት የነበረው ወደ 5 ገደማ ይወርዳል። ባለ 93 ዲሲቤል ስፒከር ይህን መክፈል ይችላል። ቤዙ አሁንም ካበጠ የሳጥኑን ቀዳዳ በስስ ስፖንጅ ጥቅል በከፊል ይድፈኑት። ሙሉ በሙሉ ከመድፈን ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያዳምጡ።

ክሮስኦቨሩ አጠገብ ያለውን ጉብታ ግን መውጫ መቀየርም ስፖንጅም አያጠፋውም። እሱን የሚያስተካክለው በስፒከሩ መግቢያ ላይ በትይዩ የሚታሰር ሬዚስተር፣ ኮይልና ካፓሲተር በአንድ መስመር ነው። ለምሳሌ ጉብታው 1500 ኸርዝ ላይ 25 ኦም ከሆነ 10 ማይክሮፋራድ፣ 1.1 ሚሊሄንሪና 10 ኦም በተከታታይ ቢታሰሩ ያ ጫፍ ወደ 7 ኦም ይወርዳል። ካፓሲተሩ ፖላሪቲ የሌለው ይሁን።

ጥያቄ፦ የስፒከሬን ኢምፒዳንስ እንዴት ልወቅ? በመልቲሜትር ስለካው 5.8 ኦም ይላል።

መልስ፦ ያ የጥቅሉ የዲሲ መከላከያ ነው፤ ስፒከሩ 8 ኦም የሚባለው ዓይነት መሆኑን ይጠቁማል እንጂ ኩርባውን አያሳይም። ለኩርባው አንድ ባለ 1000 ኦም ግማሽ ዋት ሬዚስተር፣ አንድ ትክክለኛ ባለ 10 ኦም ሬዚስተርና የትራንዚስተር አምፕ ያዘጋጁ። 1000 ኦሙን በአምፑና በ10 ኦሙ መካከል በተከታታይ ያስሩ። በ10 ኦሙ ጫፎች ላይ 100 ሚሊቮልት እስኪያነቡ ቮልዩሙን ያውጡ፤ አምፑ 10 ቮልት ያህል ይሰጣል። አሁን 10 ኦሙን አውጥተው በቦታው ስፒከሩን ያስገቡ። ያነበቡትን ሚሊቮልት ለ10 ሲያካፍሉ ኦም ያገኛሉ፤ 250 ካነበቡ 25 ኦም ነው።

ከ20 እስከ 200 ኸርዝ በየ10፣ ከዚያ በላይ ሰፋ እያደረጉ ይሂዱ። ርካሽ መልቲሜትር ከ400 ኸርዝ በላይ መዋሸት ስለሚጀምር፣ በእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ 10 ኦሙን መልሰው እያስገቡ 100 ሚሊቮልቱን ያስተካክሉ። አሰልቺ ነው፤ ስህተቱ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ለትንሽ ቱዩብ አምፕ የምንወደው ኩርባ ከ6 ኦም የማይወርድና ከ100 ኸርዝ በላይ የማይዋዥቅ ነው።

ጥያቄ፦ ስፒከሬ 6 ኦም ነው፤ አምፑ 4 እና 8 ብቻ አለው።

መልስ፦ ሁለቱንም ሞክረው ደስ ያለዎትን ይያዙ፤ አምፑ በዚህ አይጎዳም። ትራዮድ ከሆነ ከ4 ኦሙ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ባለ 15 ኦሙ የኤልኤስ 3/5ኤ ስፒከር ለቱዩብ እንደሚስማማ ሰምቻለሁ። በ2ኤ3 ቱዩብ ከሚሠራ አምፕ ጋር ላጣምረው?

መልስ፦ የሰሙት ግማሹ እውነት ነው። ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለሥርጭት ክትትል የነደፈው ይህ ትንሽ ስፒከር ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ ስለሆነ አምፑን አያስጨንቅም። ሴንሲቲቪቲው ግን ከ82 እስከ 83 ዲሲቤል ብቻ ነው። 2ኤ3 የሚሰጠው 3.5 ዋት 5.4 ዲሲቤል ይጨምርለታል፤ ሁለቱ ስፒከሮች 3 ሲያክሉ በ1 ሜትር 91 አካባቢ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በቅርብ ለሚያዳምጡ ይሆናል፣ ለሳሎን አይሆንም። በኢኤል84 የተሠራ ባለ 12 ወይም 15 ዋት ፑሽፑል ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ለ2ኤ3 ስፒከር ልገዛ ነው። ሆርን (አፉ እንደ ጡሩምባ የሚሰፋ) ይሻላል ወይስ አንድ ፉልሬንጅ ድራይቨር (ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ብቻውን የሚያወጣ)?

መልስ፦ ከምርጫው በፊት አንድ የፊዚክስ ግዴታ አለ፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ። ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ነው የሚያገኙት። 92 ዲሲቤል የሆነ ስፒከር እንኳ ከሚሰጡት ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው 1 በመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው ሙቀት ነው። "98 ዲሲቤል፣ 30 ኸርዝ፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ" የሚል ማስታወቂያ ካዩ አይመኑት።

ለ3.5 ዋት ከ96 ዲሲቤል ይጀምሩ፤ 45 ቱዩብ ላለው ባለ 2 ዋት አምፕ ደግሞ 98 እና ከዚያ በላይ። ፉልሬንጅ ድራይቨር ክሮስኦቨር ስለሌለው ኢምፒዳንሱ ቀላል ነው፤ 20 ሳንቲሜትር የሆነውና ከኋላ በሆርን ሳጥን የተጫነው 95 ወይም 96 ይደርሳል። ድክመቱ ከ2 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ባለው መካከል ድምፁ መነሳቱ ነው፤ ጆሮ ይወጋል። ማጣሪያ ገጥመው ሲያወርዱት የከፈሉበትን ሴንሲቲቪቲ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የመለኪያ ኩርባውን ይጠይቁ፤ 96 የተባለው አማካዩ ነው ወይስ የዚያ ጉብታ ጫፍ? ስፒከሩን ፊት ለፊትዎ ከማዞር ይልቅ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ጎን ቢያዞሩትም ይለዝባል።

ሆርኑ ከ100 ዲሲቤል በላይ ሊሄድ ይችላል። ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ ያወጣው የክፍል ማዕዘን ሆርን ዛሬም የሚፈለገው ለዚህ ነው። ነገር ግን ቦታ ይበላል፣ ማዕዘንም ይፈልጋል። ክፍልዎ ጠባብ ከሆነ እኛ የምንመርጠው 30 ሳንቲሜትር ዉፈርና ሆርን ቱዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ) ያለው ባለ 96 ዲሲቤል ሳጥን ነው። ከ50 ኸርዝ በታች ብዙ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ስፒከሬን በባለ 102 ዲሲቤል ሆርን ቀየርኩ። አሁን ሙዚቃ ሳይኖር እምምም የሚል ድምፅ ይሰማል። በድሮው ስፒከር አልነበረም።

መልስ፦ ነበረ፤ አይሰማም ነበር እንጂ። መውጫው ላይ 5 ሚሊቮልት ሁም (ያ እምምም የሚለው ድምፅ) ካለ፣ ከ1 ዋት በ55 ዲሲቤል ያነሰ ነው። በ87 ዲሲቤል ስፒከር 32 ሆኖ በክፍሉ ጸጥታ ይዋጣል፤ በ102 ግን 47 ነው። ለእንዲህ ያለ ስፒከር ከ1 ሚሊቮልት በታች ማውረድ ያስፈልጋል።

አምፑን አጥፍተው የግብዓቱን ገመድ ይንቀሉና መሐሉ ከውጭ ቀለበቱ ጋር የተገናኘ ፕላግ ይሰኩ። ሲያበሩት ሁሙ ከጠፋ ችግሩ የምንጩ ወይም የግራውንድ ዙር (መሣሪያዎቹ በመሬት ሽቦዎቻቸው መካከል የሚፈጥሩት ዙር) ነው፤ ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ። የመሬት ሽቦውን መቁረጥ ግን በፍጹም አይሞከርም፤ ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው። ሁሙ ከቀረ አምፑ ውስጥ ነው። የ2ኤ3 ፊላሜንት በ2.5 ቮልት ኤሲ የሚሞቅ ከሆነ ሁም ባላንስ የተባለ ትንሽ መዞሪያ ይኖረዋል። ስፒከሩ እንደታሰረ መልቲሜትሩን ኤሲ ሚሊቮልት ላይ አድርገው መውጫው ላይ ያስሩና ንባቡ በጣም የሚያንስበት ቦታ ላይ ያቁሙት። መዞሪያው ከሳጥኑ ውጭ ካልሆነ ለባለሙያ ይተዉት፤ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ አለ፣ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ይዘውት ይቆያሉ።

አንዱ ጎን ብቻ የሚያሰማ ከሆነ የግራና የቀኝ ቱዩቦችን ያቀያይሩ፤ ሁሙ አብሮ ከተዛወረ ጥፋተኛው ቱዩቡ ነው።

ጥያቄ፦ ቱዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ማብራት ለምን ይከለከላል? ደግሞስ ወፍራም ገመድ ቤዙን ያጠነክራል?

መልስ፦ ጭነት ከሌለው በመውጫ ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ኃይል መውጫ ያጣና ቮልቱ ተወንጭፎ ኢንሱሌሽኑን ይበሳል። በተለይ ፔንቶድ (እንደ ኢኤል34 ያለ ቱዩብ) እና ፑሽፑል ላይ አደጋው የከፋ ነው። ስለ ገመዱ፦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የ3 ሜትር ገመድ ደርሶ መልስ 0.04 ኦም ነው፤ አምፕዎ ራሱ 2.4 አለው። ገንዘብዎን ለሬዚስተሮቹ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ስፒከሬን መቀየር አልችልም፤ 89 ዲሲቤል ነው። አምፑ 8 ዋት። ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ አለ። ብዙውን ዋት የሚበላው ቤዙ ነው፤ እሱን የራሱ አምፕ ላለው ሳብዉፈር (ጥልቅ ቤዝ ብቻ ለሚያወጣ ስፒከር) ይስጡት። የቱዩብ አምፑ የግብዓት ቮልዩም 100 ኪሎኦም ከሆነ፣ በምንጩና በቮልዩሙ መካከል በየቻናሉ አንድ 0.022 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር በተከታታይ ያስገቡ። ከ72 ኸርዝ በታች ያለው ቀስ እያለ ይወርዳል። ቮልዩሙ 50 ኪሎኦም ከሆነ ካፓሲተሩ 0.047 ይሁን። ሳብዉፈሩ ሲግናሉን ከካፓሲተሩ በፊት መውሰድ አለበት፣ አለዚያ እሱም ቤዙን ያጣል። የሳብዉፈሩን ክሮስኦቨር 70 ኸርዝ ላይ አድርገው ይጀምሩ፤ የፌዝ ማብሪያውን በሁለቱም በኩል ሞክረው ቤዙ የሚሞላበትን ይያዙ።

ጥቅሙ ዋት ማትረፍ ብቻ አይደለም። ትንንሽ የመውጫ ትራንስፎርመሮች ከ40 ኸርዝ በታች ኮራቸው ቶሎ ይጠግባል፤ ያ መዛባት ደግሞ መካከለኛውን ድምፅ ያጨማልቀዋል። ቤዙ ሲነሳላቸው ድምፃዊው ራሱ ይጠራል።